ቴሲስ ለምትጽፉ የአርኪኦሎጂ ልጆች፦ ላይብረሪውን እንዴት እንደምትቆፍሩት

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደውሎ "ጋሼ፣ ቴሲሴን አክሱም ሐውልቶች ላይ ነው የምሰራው፣ ግን ሪፈረንስ የለም" አለኝ። የለም! ስለ አክሱም የተጻፈውን ሁሉ አንብቤ ለመጨረስ ዕድሜዬ አይበቃም እያልኩ እሱ የለም ይለኛል። ምን ብለህ ፈለግክ ስለው ጎግል ላይ "የአክሱም ሐውልት ታሪክ" ብሎ ነው፣ ያገኘው ደግሞ ሁለት የአስጎብኚ ድርጅት ፔጅ እና አንድ የዩቲዩብ ቪዲዮ። ልጁ ሰነፍ አይደለም፣ ማንም አላሳየውም እንጂ። እኔንም ማንም አላሳየኝም፣ ማስተርሴን ስጀምር ግማሽ ሴሚስተር በከንቱ አቃጥያለሁ። ስለዚ ለሱ በስልክ የነገርኩትን እዚ ዘርዘር አርጌ ልጻፈው፣ ምሳሌውም እስከ መጨረሻ የሱ ርዕስ ይሁን። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ከቤት ሳትወጡ

መጀመሪያ ጥያቄያችሁን በአንድ መስመር ጻፉት። "የአክሱም ሐውልቶች" ጥያቄ አይደለም፣ እሱ የመደርደሪያ ስም ነው። ልጁን ምኑን ነው ማወቅ የፈለግከው ብዬ ሳፋጥጠው "እነዛ ትላልቅ ድንጋዮች ከየት ወጡ፣ እንዴትስ ተጎተቱ" አለ። በቃ ይሄ ጥያቄ ነው። የወደቀው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ገደማ ነው፣ 1937 ሮም ተወስዶ የነበረው ደግሞ 24 ሜትር ገደማ ሆኖ ከ150 ቶን በላይ ይመዝናል፣ 2005 ላይ በሦስት ክፍል ሆኖ በትልቅ የጭነት አውሮፕላን ሲመለስ እንኳን ስንት መከራ እንደነበረ የሚያስታውስ ያስታውሳል፣ እንግዲህ ያለ ክሬን እንዴት አረጉት ብሎ መጠየቅ ራሱ ጥሩ ቴሲስ ይወጣዋል።

ከጥያቄው ውስጥ አራት ዓይነት ቃል አውጡ፦ ቦታ (አክሱም፣ ከሱ በስተምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ጎበድራ)፣ ዕቃ (ሐውልት፣ ድንጋይ)፣ ሥራ (ድንጋይ ካባ፣ መፈልፈል፣ ማጓጓዝ)፣ ዘመን። ከነዚህ አንዱ ባዶ ከሆነባችሁ ጥያቄው ገና አልበሰለም ማለት ነው፣ ወደ አድቫይዘራችሁ ተመለሱ።

የስም ወረቀት

ይሄን ክፍል ካለፋችሁት ሌላው ሁሉ አይሰራላችሁም። አንድ ባዶ ወረቀት ውሰዱ፣ ለእያንዳንዱ ቃል ሰው ሊጽፍበት የሚችለውን ስም በሙሉ ደርድሩ። ኮምፒውተር ሞኝ ነው፣ የሰጣችሁትን ፊደል ነው የሚፈልገው፣ ሀሳባችሁን አይደለም።

አክሱምን እዩት። በላቲን ፊደል ግማሹ በኤክስ ይጽፈዋል፣ ግማሹ በኬ እና በኤስ፣ ፈረንሳዮቹ ደግሞ መጨረሻ ላይ ኦ እና ዩ አስገብተው። በኤክስ ብቻ ከፈለጋችሁ አብዛኛውን የቅርብ ጊዜ ጥናት አታገኙም፣ በኬ እና ኤስ ብቻ ከፈለጋችሁ የ1960ዎቹ እና 70ዎቹ ብዙ ሥራ ያመልጣችኋል። የሐ የምትባለዋን ጥንታዊ ቦታ የድሮ ጀርመኖች በጄ ነው የሚጀምሩት። አክሱም አጠገብ ያለችውን ሐውልቲ፣ ያቺ አሁን ብሔራዊ ሙዚየም ያለው የድንጋይ ዙፋን የተገኘባትን፣ ፈረንሳዮቹ በኦ እና ዩ ይጽፏታል፣ እንግሊዝኛው ላይ ደግሞ በደብልዩ ነው። እኔ ሐውልቲን በደብልዩ ብቻ ስፈልግ ቆይቼ "እዚ ቦታ ላይ የታተመ የቁፋሮ ሪፖርት ያለ አይመስለኝም" ብዬ ፕሮፖዛል ላይ ጽፌ ነበር። አንድ ፈታኝ ከመነጽሩ በላይ አየኝና "1963 ያሳተሙትን የፈረንሳዮቹን ሪፖርት አላየኸውም?" አለኝ። አላየሁትም። እዛው ከተቀመጥኩበት መደርደሪያ ጀርባ ነበር።

የአገር ስም ላይም እንደዚሁ ነው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የታተመው ብዙው "አቢሲኒያ" ነው የሚለው፣ በጀርመንኛ እና በፈረንሳይኛ ደግሞ መጨረሻው ይለያያል፣ ሁሉንም ወረቀቱ ላይ አስፍሩ። ዕቃው ላይ ስትመጡ ሐውልት አንዱ ጋ ስቴላ ነው፣ አንዱ ጋ ስቲሊ፣ ሌላው ጋ ኦቤሊስክ። ድንጋዩን ራሱ የድሮዎቹ ግራናይት ይሉታል፣ ጂኦሎጂ የሚያውቁት ደግሞ ኔፌሊን ሳይናይት ነው ይላሉ። ልጃችን ግራናይት ብሎ ብቻ ቢፈልግ ስለ ካባው የተጻፈውን ዋናውን ነገር ሊያጣው ነው።

አማርኛ ላይ ደግሞ የባሰ ነው፣ ሐውልት፣ ሀውልት፣ ሃውልት፣ ኃውልት፣ ለኛ አንድ ቃል ናቸው ለኮምፒውተር አራት። ሥልጣኔ በንጉሡ ሠ እና በእሳቱ ሰ፣ ዐፄ እና አጼ እና አፄ፣ ጸሐፊ እና ፀሀፊ። የካታሎግ ሰራተኛው በየትኛው እንደጻፈው አታውቁም፣ ምናልባትም ጠዋት የገባው ሰራተኛ በአንዱ ከሰዓት የገባው በሌላው ጽፎት ይሆናል። ስለዚ ሁሉንም ሞክሩ፣ ወይ ደግሞ አወዛጋቢ ፊደል የሌለበትን ቃል ምረጡ። "አክሱም" ራሱ አንዳንዴ "አኵስም" ሆኖ ይገኛል፣ በተለይ ከግዕዝ ጋር የተያያዘ ነገር ላይ።

የደራሲ ስምም አለ። የኛ ሰው የአባት ስም ቤተሰብ ስም አይደለም ግን የፈረንጅ ካታሎግ አይገባውም። ሥርግው ሐብለ ሥላሴ 1972 ላይ ያሳተሙትን የጥንትና የመካከለኛ ዘመን ታሪክ መጽሐፍ አንዱ ላይብረሪ "ሥርግው" ብሎ ያስቀምጠዋል፣ ሌላው "ሐብለ ሥላሴ"፣ ሌላው ደግሞ ለሁለት ቆርጦት "ሥላሴ" ላይ። በሦስቱም ፈልጉ። በነገራችን ላይ እናንተም ስትጠቅሱ ሥርግው ብላችሁ ነው የምትጠቅሱት፣ "ሥላሴ 1972" ብሎ የጻፈ ልጅ አይቻለሁ፣ ፈታኞቹ ለሳምንት ሳቁበት።

ማን ቆፈረ

ሁለተኛው ወረቀት ደግሞ የቆፋሪዎች ዝርዝር ነው። ይሄን ከታሪክ ዲፓርትመንት የመጣ ልጅ አያውቀውም፣ አርኪኦሎጂ ላይ ግን መረጃው የተቀመጠው በርዕስ ሳይሆን በቡድን ነው፣ እያንዳንዱ ቡድን በራሱ ቋንቋ በራሱ ጆርናል ነው የሚያሳትመው። አክሱም ላይ አጠር አርጌ ልንገራችሁ፦

1906 ላይ በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ቡድን መጣ፣ ሪፖርታቸው በ4 ቅጽ 1913 በርሊን ታተመ። በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ አርኪኦሎጂ ተቋም ከፈረንሳዮች ጋር ተመሰረተ፣ እነሱ ያወጡት አብዛኛው 1955 በተጀመረው "አናል ዴትዮፒ" በሚባለው ጆርናል ላይ ነው፣ በፈረንሳይኛ። 1972 እስከ 74 ኔቪል ቺቲክ በምሥራቅ አፍሪካ የብሪታንያ ተቋም ስም ቆፈረ፣ አብዮቱ መጣና ተቋረጠ፣ ሰውየው ሪፖርቱን ሳይጨርስ አረፈ፣ መጽሐፉ የወጣው 1989 ነው፣ በመንሮ-ሄይ አዘጋጅነት። ከ1993 እስከ 97 ዴቪድ ፊሊፕሰን፣ ሪፖርቱ 2000 ላይ፣ ድንጋይ ካባዎቹም የተነኩት እሱ ውስጥ ነው። በዛው በ1990ዎቹ ደግሞ ፋቶቪች እና ባርድ ቤተ ጊዮርጊስ ኮረብታ ላይ፣ ከኔፕልስ እና ከቦስተን።

የቺቲክን ነገር ልብ በሉልኝ፣ የቆፈረበትና የታተመበት ዓመት መካከል 15 ዓመት አለ። ስለዚ ዳታቤዝ ላይ "ከ1972 እስከ 1980" ብላችሁ ፊልተር ካረጋችሁ ዋናውን ሪፖርት ራሳችሁ ናችሁ የደበቃችሁት። የዓመት ፊልተር አርኪኦሎጂ ላይ ባትነኩት ይሻላል።

ላይብረሪው ውስጥ

መታወቂያ፣ እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ (ብርቅ ነገር ያለበት ክፍል እስክሪብቶ አያስገባም)፣ ቻርጅ የሞላ ስልክ፣ ሁለቱ ወረቀቶች። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የምትመጡ ከሆነ ከዲፓርትመንታችሁ የትብብር ደብዳቤ ማኅተም ያለበት ያዙ፣ ሳይዙ መጥቶ ከበር የተመለሰ ሰው ስንት ነው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ መጀመሪያ የምትሄዱበት ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ላይብረሪ ነው፣ ከዛ የዩኒቨርሲቲው ኬኔዲ ላይብረሪ፣ ከዛ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ)፣ የፈረንሳይ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከልም ላይብረሪ አለው። ክልል ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁን ግቢ ሳትጨርሱ አዲስ አበባ አትምጡ፣ የትራንስፖርት ብር ይቆጫችኋል።

ልዩ ክምችት ያለበት ክፍል ውስጥ መደርደሪያው ጋ ገብታችሁ አትመርጡም፣ ከካታሎጉ ኮዱን ገልብጣችሁ ፎርም ትሞላላችሁ ከዛ ያመጡላችኋል። ስለዚ ኮዱን ሙሉውን ጻፉ፣ የመጨረሻዋን ፊደልና ዓመቷን ጭምር፣ ባለብዙ ቅጽ ከሆነ የቅጹን ቁጥር። የጀርመኖቹን ሪፖርት ጠይቆ አንደኛው ቅጽ መጥቶለት "ሐውልት የለበትም" ብሎ የመለሰ አለ፣ ሐውልቶቹ ያሉት ሁለተኛው ላይ ነው።

መደርደሪያው ክፍት የሆነበት ቦታ ደግሞ ኮዱን መያዝ ጥቅም አለው። የአሜሪካው ኮንግረስ ላይብረሪ አደራደር ከሆነ የኢትዮጵያ ነገር ዲቲ 371 ላይ ይጀምራል፣ አጠቃላይ አርኪኦሎጂ ሲሲ ላይ ነው፣ የድንጋይ ዘመንና የሰው ዘር ጂኤን፣ ሕንፃ ኤንኤ፣ የግዕዝ ጽሑፍ ፒጄ። ዲዊ የሚባለው አደራደር ከሆነ 963 እና 930.1። የኛ ልጅ ርዕስ ቢያንስ ሦስት መደርደሪያ ላይ ተበትኗል ማለት ነው፣ አንዱ ጋ ቆማችሁ ጨረስኩ አትበሉ። አንድ መጽሐፍ ስታገኙ ግራና ቀኙን ያሉትን አስር አስር መጽሐፎች ጀርባ አንብቡ፣ ካታሎግ ላይ በተሳሳተ ስም የገባ መጽሐፍ የሚገኘው እንደዛ ብቻ ነው።

ሌላው፣ የላይብረሪ ሰራተኞችን እንደ ዘበኛ አትዩዋቸው። ገብታችሁ ጤና ይስጥልኝ በሉ፣ ርዕሳችሁን በአማርኛ አስረዱ። እኔ አንድ ጋሼ ነበሩኝ፣ ሁለት ቀን ካታሎግ ላይ ስንገላታ አይተውኝ "ምንድነው የምትፈልገው ልጄ" አሉኝ፣ ነገርኳቸው፣ ምንም ሳይሉ ወደ ውስጥ ገቡና አቧራ የጠጣ ካርቶን ይዘው መጡ፣ ውስጡ ከየጆርናሉ ተነጥለው የታተሙ ቀጫጭን አርቲክሎች፣ ግማሾቹ ደራሲዎቹ በእጃቸው ፈርመው የሰጧቸው። ካታሎግ ውስጥ አንዱም አልገባም ነበር።

በምን ትጀምራላችሁ

በአርቲክል አትጀምሩ፣ ትሰምጣላችሁ። ከ2003 እስከ 2014 በ5 ቅጽ የወጣው "ኢንሳይክሎፔዲያ ኢትዮፒካ" ላይ ጀምሩ። እያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር የመረጃ ዝርዝር አለ፣ ዋጋው እሱ ነው። የፊደል አጻጻፉ ነጥብና ሰረዝ የበዛበት ስለሆነ የፈለጋችሁትን ካጣችሁ 5ኛው ቅጽ መጨረሻ ላይ ያለው ማውጫ ጋ ሂዱ።

ከዛ የጀርመኖቹ። ጀርመንኛ አልችልም ብላችሁ አትሽሹ፣ ስዕሉና ልኬቱ ቋንቋ የለውም፣ ደግሞም ስለ ሐውልቶቹና ሕንፃዎቹ ያለው ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በፊሊፕሰን አዘጋጅነት 1997 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ወጥቷል። ኦሪጅናሉ ዲጂታል ሆኖ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አለ። ይሄ መጽሐፍ የግድ የሚሆነው በቁጥሮቹ ምክንያት ነው። "ሐውልት 1"፣ "ሐውልት 2"፣ "ሐውልት 3" የሚባለው አጠራር ከነሱ የመጣ ነው፣ 1 የወደቀው ትልቁ፣ 2 ሮም የነበረው፣ 3 ሳይወድቅ የቆመው። የድንጋይ ላይ ጽሑፎችም ቁጥር አላቸው፣ ግን እዚ ላይ ተጠንቀቁ፣ 1991 ላይ አዲስ ስብስብ ወጥቶ ሁሉም አዲስ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፣ ለምሳሌ የኢዛና የግዕዝ ጽሑፍ፣ የኖባን ዘመቻ የሚተርከው፣ በጀርመኖቹ 11 ነበር በአዲሱ 189 ሆኗል። አንዱ አርቲክል 11 ሌላው 189 ሲል ሁለት ጽሑፍ መስሏችሁ ሁለት ቦታ እንዳትተነትኑት።

ኮምፒውተሩ ላይ

ግቢ ውስጥ ሆናችሁ የዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ ግቡ፣ ቤት ሆናችሁ "ግዛ" የሚላችሁ አርቲክል ግቢ ውስጥ ዝም ብሎ ይከፈታል፣ ምክንያቱም ዳታቤዙ የሚያውቀው እናንተን ሳይሆን የግቢውን ኔትወርክ ነው። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ የኢትዮጵያ ተቋማት በነፃ ከሚገቡበት ዝርዝር ውስጥ ናቸው፣ ፓስዋርዱ ላይብረሪው ጋ ነው ያለው፣ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ተማሪ መኖሩን ራሱ አያውቅም።

ጄስቶር የሚባለው የጆርናሎች ሳይት ላይ "ጆርናል ኦፍ ኢትዮፒያን ስተዲስ" ከ1963 ጀምሮ አለ፣ የጣሊያኖቹም "ራሴኛ ዲ ስቱዲ ኤትዮፒቺ" አለ። ዩኒቨርሲቲያችሁ ባይኖረው እንኳን በኢሜይላችሁ ነፃ አካውንት ከፍታችሁ በወር እስከ 100 አርቲክል ኦንላይን ማንበብ ይቻላል፣ ዳውንሎድ ግን አይደለም። የፈረንሳዮቹ "አናል ዴትዮፒ" ፐርሴ የሚባል ሳይት ላይ የድሮ ቅጾቹ በነፃ ይወርዳሉ፣ ሐውልቲም እዛ ናት፣ ያቺ ፈታኝ ፊት ያዋረደችኝ። የሃምቡርጉ "ኤትዮፒካ" ጆርናልም ነፃ ነው። ለአፍሪካ አርኪኦሎጂ ደግሞ "አዛኒያ" እና "አፍሪካን አርኪኦሎጂካል ሪቪው"፣ እነዚህ ብዙውን ጊዜ በግቢ ኔትወርክ ነው። "ኛሜ አኩማ" የምትባለዋን አትርሱ፣ አጫጭር የመስክ ሪፖርቶች ናቸው ያሉባት፣ ሌላ ቦታ ታትመው የማታገኟቸው።

ሰርች ስታረጉ የስም ወረቀታችሁን አውጡ። አንድ ስም በሦስት አጻጻፍ በአንዴ ለመፈለግ በመካከላቸው "ወይም" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ኦር፣ በትልልቅ ፊደል ጻፉ። ሁለት ቃል አንድ ላይ ተያይዘው እንዲገኙ ከፈለጋችሁ በትምህርተ ጥቅስ ክተቷቸው። የፈለጋችሁትንና ያገኛችሁትን ብዛት ከነቀኑ መዝግቡ፣ ሰልችቷችሁ ብትተዉት ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ሰርች ስትደግሙ ራሳችሁን ታገኛላችሁ።

የጎበድራ ዳጉሳ

እዚ ጋ ትንሽ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ቴሲስ የሚወድቀው እዚ ነው። የኛ ልጅ ጎበድራ ብሎ ሲፈልግ ድንጋይ ካባውን ብቻ አይደለም የሚያገኘው፣ እዛው አካባቢ ያለ ዋሻ መሰል መጠለያም ይመጣለታል። ፊሊፕሰን 1974 ቆፍሮት 1977 አዛኒያ ላይ አሳትሞታል። እዛ ሪፖርት ላይ በሺዎች የሚቆጠር ዓመት ያስቆጠረ በተባለ የአፈር ሽፋን ውስጥ የዳጉሳ ዘር ተገኘ ይላል። ደስ የሚል ነገር ነው አይደል፣ ሰው ሁሉ ጠቀሰው፣ የግብርና ታሪክ የሚጽፈው ሁሉ "ዳጉሳ በኢትዮጵያ ይሄን ያህል ሺህ ዓመት" እያለ። ከዛ በ1980ዎቹ በትንሽ ናሙና ዕድሜ መለካት የሚቻልበት የካርቦን ቴክኒክ ሲመጣ የዘሩ የራሱ ዕድሜ ተለካ፣ ከተገኘበት ሽፋን እጅግ የኋላ ሆኖ ተገኘ፣ ከላይ ሾልኮ የወረደ ነው ማለት ነው። አይጥ ይሁን ስንጥቅ ማን ያውቃል።

እንግዲህ የ1977ቱን ብቻ አንብቦ የጻፈ ተማሪ ምንጩ ትክክለኛ ነው፣ ጆርናሉ የታወቀ ነው፣ ገጹም ልክ ነው፣ የጻፈው ግን ስህተት ነው። እንዴት ነው የምታመልጡት? ወደ ኋላም ወደ ፊትም በመሄድ። ወደ ኋላ ማለት አርቲክሉ መጨረሻ ያለውን ሪፈረንስ እየተከተላችሁ ምንጩ ድረስ መውረድ ነው፣ ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። ወደ ፊት ማለት ደግሞ ጉግል ስኮላር ላይ አርቲክሉን አግኝታችሁ ሥሩ ያለውን "ይሄን የጠቀሱ" የሚለውን ቁጥር መጫን ነው፣ ከሱ በኋላ የጠቀሱትን ሁሉ ይዘረዝራል። እዛ ዝርዝር ውስጥ ሰርች አርጉ፣ የራሳችሁን ቃል አስገቡ፣ ከአዲሱ ወደ አሮጌው አንብቡ። ለእያንዳንዱ ዋና ምንጫችሁ ይሄን ሳታረጉ ምዕራፍ ሁለትን አትዝጉ።

ዘመን ላይ ሌላም ጣጣ አለ። የድሮ ሪፖርት ላይ የካርቦን የዕድሜ ልኬት ውጤት "ቢፒ" ብሎ ካያችሁ ከ1950 ወደ ኋላ የተቆጠረ ነው፣ ከዛሬ አይደለም፣ እና የ60ዎቹና የ70ዎቹ ብዙው ያልተስተካከለ ጥሬ ቁጥር ነው፣ አዲሶቹ ላይ ያለው ደግሞ ተስተካክሎ ነው። ሁለቱን አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ብርና ዶላርን ሳይመነዝሩ እንደመደመር ነው። የጀርመኖቹ 1913 ላይ ደግሞ የካርቦን ልኬት የሚባል ነገርም አልነበረም፣ ዘመን የሚገምቱት በቅርጽ፣ በጽሑፍ እና በሳንቲም ነው፣ ስለዚ ከነሱ ልኬቱን ውሰዱ ዘመኑን ከኋለኞቹ።

ያልታተመው

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴሲሶች ኦንላይን ማከማቻ ላይ አሉ፣ የሌሎቹም ቀስ እያለ እየገባ ነው፣ ግን የድሮዎቹን ወረቀቱን ነው ማየት። ቴሲስ ላይ የምፈልገው ድምዳሜውን አይደለም፣ አባሪውን ነው፣ የቃለ መጠይቅ ዝርዝር፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ፎቶ። የቁፋሮ ቡድኖች ያስገቧቸው ሪፖርቶች ደግሞ የቅርስ ባለሥልጣኑ ጋ ነው የሚጠየቀው፣ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ትዕግሥትም። እዛ ስትሄዱ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን አንብባችሁ ሂዱ፣ እሱ ዓመት በኛ ነው፣ ላይብረሪ ለማንበብ ፈቃድ አያስፈልግም፣ አንድ አካፋ አፈር ለማንሳት ግን ያስፈልጋል።

ዓመት ካነሳሁ አይቀር፣ ለምን በፈረንጅ ጻፍኩ ላልኩት፦ አማርኛ መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ 1965 ካለ በፈረንጅ 1972 ወይ 73 ነው፣ ካታሎጉ ግን አንዳንዴ ሳይቀይር 1965 ብሎ ይመዘግበዋል። ማስታወሻችሁ ላይ ሁለቱንም ጻፉ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ምልክት አርጉ። እኔ ምልክት ሳላረግ ቀርቼ አንድ መጽሐፍ ከተጻፈበት ቁፋሮ በፊት የታተመ አስመስዬ ጽፌዋለሁ።

ፎቶ ስታነሱ

ፎቶ ማንሳት ይቻል እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። ከተፈቀደ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ሽፋኑ፣ ውስጠኛው የርዕስ ገጽ፣ የሕትመት ዓመትና ቦታ ያለበት ጀርባው፣ ከዛ የምትፈልጓቸው ገጾች የገጽ ቁጥሩ እንዳይቆረጥ አርጋችሁ፣ መጨረሻ ላይ የሪፈረንስ ዝርዝሩን። እኔ አንዴ 30 ገጽ ምን የመሰለ ፎቶ አንስቼ ቤት ገብቼ ሳየው የመጽሐፉ ስም የለም፣ የገጽ ቁጥሩን አውራ ጣቴ ሸፍኖታል፣ በነጋታው የ3 ሰዓት መንገድ ተመልሼ ነው የሄድኩት፣ ላይብረሪው ደግሞ ያን ቀን ለቆጠራ ተዘግቶ። የታጠፈ ካርታና ፕላን ካለ የርቀት መለኪያ መስመሩን (ስኬሉን)፣ የሰሜን ቀስቱን ሳታስቀሩ፣ እነሱ ከሌሉ ካርታው ስዕል ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ትልልቆቹ ፕላኖች ከኋላ ሽፋኑ ኪስ ውስጥ ታጥፈው ነው ያሉት፣ ኪሱን ሳታዩ እንዳትመልሱ።

ማታውኑ ፋይሉን ስም ስጡት፣ ደራሲ፣ ዓመት፣ ቦታ። ዞቴሮ የሚባለውን ሪፈረንስ መያዣ ፕሮግራም ጫኑ፣ ነፃ ነው፣ 300 ሜጋባይት ኦንላይን ቦታም ይሰጣል። የኢትዮጵያዊ ደራሲ ስም ስታስገቡ ለሁለት የተከፈለውን የስም ሳጥን ወደ አንድ ሳጥን ቀይሩት፣ አጠገቡ ትንሽ ምልክት አለች፣ ያለዚያ ሥርግውን ገልብጦ ያወጣላችኋል። ፍላሽ ላይ ብቻ አታስቀምጡ፣ የኢንተርኔት ቤት ቫይረስ ስንቱን ቴሲስ በልቷል።

ውጭ ያላችሁ

አሜሪካና አውሮፓ የምትማሩ ልጆች ብዙዎቻችሁ ከኛ የተሻለ በር አላችሁ፣ ግቢያችሁ የሌለውን መጽሐፍ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ያስመጣላችኋል፣ አንድ ምዕራፍ ከሆነ ስካን አርገው በኢሜይል ይልካሉ፣ ብዙ ቦታ ተማሪ አይከፍልም። ዎርልድካት በሚባለው የብዙ ላይብረሪዎች የጋራ ካታሎግ ላይ መጽሐፉ የት እንዳለ አይታችሁ ለላይብረሪያችሁ መጠየቅ ብቻ ነው። የናንተ ችግር የተገላቢጦሹ ነው፣ አዲስ አበባ ብቻ ያለው የአማርኛ ነገርና ያልታተመው ሪፖርት፣ ለሱ ደግሞ እዚ ካለ ተማሪ ጋር መተጋገዝ ነው።

ሁሉም በር ሲዘጋ

አርቲክሉ የትም ከሌለ ለደራሲው ጻፉለት። አብዛኞቹ ይመልሳሉ፣ የጻፉትን የሚያነብ ሲገኝ ደስ ነው የሚላቸው። ረጅም አትጻፉ፣ የሕይወት ታሪካችሁን አይፈልጉም። በእንግሊዝኛ እንዲህ የሚል ነገር ይበቃል፦ "እከሌ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ በአክሱም ሐውልቶች የድንጋይ ካባ ላይ እየሰራሁ ነው፣ በዚህ ዓመት በዚህ ጆርናል ያሳተሙትን ጽሑፍ ላይብረሪያችን ማግኘት አልቻለም፣ ቅጂ ቢልኩልኝ አመሰግናለሁ።" የአርቲክሉን ሙሉ ርዕስ አስገቡ፣ በዩኒቨርሲቲ ኢሜይላችሁ ላኩት፣ በጂሜይል ከሆነ ስፓም ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሁለት ሳምንት ጠብቁ፣ ካልመለሱ አንዴ አስታውሷቸው፣ ከዛ በኋላ ተዉት፣ አብሮ የጻፈ ሁለተኛ ስም ካለ ወደሱ ሂዱ።